ትንሹ ነጋዴ በምናባዊው ዓለም፦ የሰከንድ ላይፍ ገበያና የድንበር ጥያቄ

በኮምፒውተር በተፈጠረ ዓለም ውስጥ ሱቅ የከፈተ አነስተኛ ነጋዴ በየአገሩ የተበተነ ደንበኛ ሊያፈራ ይችላል ወይ? ጥያቄው ከተነሳ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከየትኛውም ቦታ በላይ የተፈተነው በሰከንድ ላይፍ ነው። ሊንደን ላብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ በጁን 2003 ለሕዝብ የከፈተው ይህ ዓለም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሸናፊና ተሸናፊ ያለበት ጨዋታ አይደለም። ተጠቃሚው አቫታር በሚባል ምስል ተወክሎ ይገባል፤ ይዘዋወራል፣ ያወራል፣ ይገዛል፣ ይሸጣል። ቤቱን፣ ልብሱን፣ ጫማውን፣ የፀጉር አሠራሩን፣ የቤት እንስሳውን ሳይቀር የሚሠሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ገበያው ከዓለሙ ጋር አብሮ ያደገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክርክሩን ከመጀመሪያው ያደበዘዘ አንድ መደባለቅ አለ። በምናባዊ ዓለም መነገድ ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ለአቫታር የሚሆን ዕቃ ሠርቶ እዚያው መሸጥ ነው። ሁለተኛው በውጭ ያለን እውነተኛ ምርት፣ ቲሸርትም ይሁን መኪና፣ እዚያ ውስጥ ማስተዋወቅ ነው። ሦስተኛው ቦታውን እንደ ቢሮ ወይም እንደ መማሪያ ክፍል ተጠቅሞ አገልግሎት መስጠት ነው፤ ቋንቋ ማስተማር፣ ማማከር፣ ስብሰባ ማካሄድ። ለአንዱ የተገኘ ማስረጃ ለሌላው አያገለግልም። አብዛኞቹ ጽሑፎች ግን፣ የሚያወድሱትም የሚያጣጥሉትም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያስታውቁ ይሻገራሉ።

መነሻው

ታሪኩ ከሰከንድ ላይፍ ይቀድማል። ሉካስፊልም በ1986 ለኮሞዶር 64 ኮምፒውተር በሙከራ ባቀረበው ሃቢታት በተባለው ዓለም ውስጥ ነዋሪዎች የራሳቸው ገንዘብ ነበራቸው። አንዳንዶቹ ከአንዱ የመሸጫ ማሽን በርካሽ የገዙትን ዕቃ ለሌላው ማሽን በውድ እየሸጡ በአንድ ሌሊት ሀብታም መሆናቸውን የሥርዓቱ ፈጣሪዎች ቺፕ ሞርኒንግስታርና ራንዲ ፋርመር ጽፈዋል። ነጋዴው ከዓለሙ ሠሪ ቀድሞ እንደሚነቃ ያኔውኑ ታይቷል።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎችን ትኩረት የሳበው ግን ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ በ2001 ያወጣው ጥናት ነው። ኤቨርክዌስት በተባለው ጨዋታ ውስጥ ያለችውን ኖራት የምትባል ምናባዊ አገር እንደ እውነተኛ ኢኮኖሚ ለክቶ፣ የነፍስ ወከፍ ምርቷ 2,266 ዶላር እንደሚደርስና በሩሲያና በቡልጋሪያ መካከል እንደሚያስቀምጣት አሰላ። ይሁን እንጂ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ያለው ንብረት በሕግ የኩባንያው ነበር። ዕቃውን በእውነተኛ ገንዘብ የሸጠ ተጫዋች ደንብ ተላላፊ ነበር።

መንገዱን የቀየረው በኖቬምበር 2003 ሊንደን ላብ ያስታወቀው ውሳኔ ነው። ነዋሪው በሠራው ነገር ላይ ያለው የአእምሯዊ ንብረት መብት የራሱ ይሆናል አለ። በዚያ ላይ ሊንደን ዶላር የተባለው የውስጥ ገንዘብ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በይፋ የሚመነዘርበት ገበያ ተጨመረ፤ ምንዛሬውም ለረጅም ጊዜ ለአንድ ዶላር 250 ሊንደን ዶላር አካባቢ ቆየ። ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ላይ ሆነው ትንሹን ነጋዴ ፈጠሩ፤ የሠራው ዕቃ የራሱ ሆነ፣ ትርፉንም ወደ ቤቱ ማስገባት ቻለ።

የ2006 ግርግር

ቢዝነስ ዊክ መጽሔት በሜይ 2006 ሽፋኑ ላይ ያወጣት አንሺ ቸንግ የዘመኑ ምልክት ሆነች። እውነተኛ ስሟ አይሊን ግሬፍ ነው፤ በቻይና ተወልዳ በጀርመን የምትኖር ሴት ናት። በ9.95 ዶላር የጀመረችው ሥራ በኖቬምበር 2006 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ሀብት እንዳፈራላት አስታወቀች። ሥራዋ ባብዛኛው መሬት ነበር። ሰፋፊ ቦታ ከሊንደን ላብ ትገዛለች፣ ትከፋፍላለች፣ ታስውባለች፣ ለሌሎች ትሸጣለች ወይም ታከራያለች። በቻይናዋ ዉሃን ከተማ ሠራተኞች የቀጠረ ስቱዲዮም አቋቁማ ነበር። በቻይና ጉልበት፣ በጀርመን አስተዳደር፣ በአሜሪካ ሰርቨርና ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ድርጅት ማለት ነው። ነገር ግን ያ ሚሊዮን የንብረቷ ግምት እንጂ በባንክ የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። ይህን ልዩነት የዘመኑ ዜናዎች ብዙ ጊዜ ዘለሉት።

ከዚያ ትልልቆቹ መጡ። የልብስ ኩባንያው አሜሪካን አፓረል በጁን 2006 ሱቅ ከፈተ። የዜና ወኪሉ ሮይተርስ በኦክቶበር እዚያ ዘጋቢ መደበ። የሆቴል፣ የመኪናና የስፖርት ልብስ ኩባንያዎች ምናባዊ ደሴት ገዙ። በሜይ 2007 ማልዲቭስና ስዊድን ምናባዊ ኤምባሲ ከፈቱ። በዚያው ዓመት ግን አሜሪካን አፓረል ሱቁን ዘጋ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

የዓለም አቀፍነቱ ነገር በቁጥር የታየውም በዚህ ወቅት ነው። ኮምስኮር የተባለው የመረጃ ድርጅት እንዳሰላው በማርች 2007 ሰከንድ ላይፍ ከገቡት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች 61 በመቶው ከአውሮፓ፣ 19 በመቶው ከሰሜን አሜሪካ፣ 13 በመቶው ከእስያና ከፓስፊክ አካባቢ ነበሩ። የጀርመን ጎብኚዎች ከአሜሪካ ጎብኚዎች ጋር እኩል ለእኩል ነበሩ ማለት ይቻላል። በካሊፎርኒያ የተሠራ፣ በእንግሊዝኛ የሚተዳደር ዓለም አብዛኛው ነዋሪው አውሮፓዊ ሆኖ ተገኘ። ለነጋዴ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ መረጃ በዚያ ዘመን አልወጣም። ማስታወቂያቸውን በዚህ መሠረት ያስተካከሉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

አቋሞቹና ማስረጃቸው

የመጀመሪያው አቋም ተስፋ የሰነቀ ነው። ፖል ሄምፕ በጁን 2006 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጣው ጽሑፍ፣ አቫታሩ ራሱ እንደ ደንበኛ መታየት አለበት ሲል ተከራከረ፤ ሰው የሚመርጠው አካልና ልብስ ሊገልጸው ያልቻለውን ምኞቱን ያሳያልና። ካፕላንና ሄንላይን በ2009 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ምናባዊ ማኅበራዊ ዓለማት ለማስታወቂያ፣ ለሽያጭ፣ ለገበያ ጥናትና ለውስጥ ሥራ እንዴት እንደሚያገለግሉ ዘረዘሩ። ሁለቱም ግን በዋናነት የሚያናግሩት የትልቅ ድርጅት ኃላፊን ነው።

ሁለተኛው የተጠራጣሪዎች ነው። ክሌይ ሸርኪ በዲሴምበር 2006 የነዋሪዎችን ቁጥር መረመረ። ሊንደን ላብ ሁለት ሚሊዮን ሲል የሚቆጥረው የተከፈተ መለያን ነው፤ አንድ ጊዜ ገብቶ ግራ ተጋብቶ የወጣውም ተቆጥሯል አለ። ፍራንክ ሮዝ በ2007 በዋየርድ መጽሔት የኩባንያዎቹ ደሴቶች ባዶ መሆናቸውንና ገንዘቡ እየባከነ መሆኑን ጻፈ። የአማካሪ ድርጅቱ የጋርትነር ነገር ደግሞ ለብቻው ትምህርት ነው። በአፕሪል 2007፣ በ2011 መጨረሻ ከንቁ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች 80 በመቶው በምናባዊ ዓለም ውስጥ ሁለተኛ ሕይወት ይኖራቸዋል ብሎ ተነበየ፤ በሜይ 2008 ደግሞ ኩባንያዎች ከሚጀምሯቸው የምናባዊ ዓለም ሥራዎች 90 በመቶው በ18 ወራት ውስጥ ይከሽፋሉ አለ። ለክሽፈቱ የሰጠው ምክንያት ትክክል ይመስለኛል፤ ኩባንያዎቹ ያተኮሩት በቴክኖሎጂው ላይ እንጂ በሰዎቹ ፍላጎት ላይ አልነበረም።

ሦስተኛው አቋም ዓለሙን ከውስጥ ካዩት የመጣ ነው። ጋዜጠኛው ዋግነር ጄምስ አውና አንትሮፖሎጂስቱ ቶም ቤልስቶርፍ፣ ሁለቱም በ2008 ባሳተሟቸው መጻሕፍት፣ ነዋሪዎቹ የገነቡት ኅብረተሰብ በራሱ መመዘኛ መታየት እንዳለበት አሳዩ። ከዚህ ወገን ሲታይ የትልልቆቹ ውድቀት እንቆቅልሽ አይደለም። አሜሪካን አፓረል ያመጣው ተራ ቲሸርት ነበር፤ በአጠገቡ ግን በራሳቸው እጅ የሚሠሩ ነዋሪዎች በእውነተኛው ዓለም ሊሰፋ የማይችል ቀሚስ፣ ክንፍ፣ የድራጎን ቆዳ ይሸጡ ነበር። ደግሞ በነዋሪዋ ሱቅ ባለቤቷ ራሷ ቆማ ታስተናግድ ነበር።

ሦስቱ አቋሞች የሚጋጩት ስለተለያዩ ንግዶች እየተናገሩ ስለሆነ ነው። ሮዝ ባዶ ያገኘው ሁለተኛውን ዓይነት፣ የውጭ ምርት ማስተዋወቂያውን ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በዚያው ጊዜ ያድግ ነበር። ሊንደን ላብ በ2009 በነዋሪዎች መካከል የተደረገው ግብይት 567 ሚሊዮን ዶላር እንደደረሰ፣ በዚያው ዓመት ነዋሪዎች ወደ እውነተኛ ገንዘብ የመነዘሩት ደግሞ 55 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ አስታውቋል። በ2015 የተመነዘረው 60 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አንዱ ሊንደን ዶላር በአንድ ዓመት ብዙ እጅ ስለሚዞር የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው አሥር እጥፍ መሆኑ አይገርምም። የነጋዴዎቹን ገቢ ለሚጠይቅ ሰው የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ በየጋዜጣው የሚጠቀሰው ግን የመጀመሪያው ነው።

ትንሹ ነጋዴ የሠራበት ዘዴ

ሒሳቡ ጠባብ ነው። ከኖቬምበር 2006 ጀምሮ አንድ ሙሉ የግል ቦታ፣ 65,536 ካሬ ሜትር፣ ለመክፈቻ 1,675 ዶላር፣ በየወሩ ደግሞ 295 ዶላር ያስከፍል ነበር። አንድ ልብስ 200 ሊንደን ዶላር ይሸጣል እንበል፤ ይህ 80 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ኪራዩን ብቻ ለመሸፈን በወር ወደ 370 ልብስ መሸጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው ጀማሪ ሙሉ ቦታ አይገዛም፤ እንደ አንሺ ቸንግ ካሉ አከራዮች ትንሽ ቁራሽ ይከራያል። ሊንደን ላብ በ2009 የገዛው ኤክስስትሪት የተባለው የድረ ገጽ ገበያ መሬት ለሌለው ነጋዴ ሌላ በር ከፈተ። ይህ ሱቆቹን ገደላቸው ወይስ አሳደጋቸው የሚለው በነጋዴዎቹ ዘንድ እስካሁን ያከራክራል። ደንበኛ በድረ ገጽ ሲገዛ ሱቁ ድረስ ስለማይመጣ፣ ለአንዱ ዕቃ መጥቶ ሌላ ሦስት አይቶ የሚሄድበት ዕድል መቅረቱ እውነት ነው።

ማስታወቂያው ከውጭው ዓለም የተለየ መልክ ነበረው። ነጋዴው የደንበኞች ቡድን ያቋቁማል፣ አዲስ ዕቃ ሲወጣ ለአባላቱ መልእክት ይልካል። አንድ ነዋሪ ለረጅም ጊዜ ከ25 ቡድን በላይ መግባት ስለማይችል፣ በኋላም 42 ብቻ ስለተፈቀደለት፣ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ቦታ ማግኘት ራሱ ውድድር ነበር። ስጦታ በየሱቁ ደብቆ ሰው የሚያዘዋውር የፍለጋ ጨዋታ፣ ብዙ ነጋዴዎች በአንድ ላይ የሚከፍቱት ወርሃዊ ባዛር፣ ልብሱን ለብሰው ፎቶ የሚያወጡ የፋሽን ጸሐፊዎች፤ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ሳይሆን ጊዜና ትውውቅ የሚጠይቁ ናቸው። ከንቱ ዘዴዎችም ነበሩ። ሱቁ የተጨናነቀ እንዲመስል ለተቀመጠ አቫታር ሁሉ ሳንቲም መክፈል፣ ወይም ሰው የሌለባቸውን ሰው መሰል ቦቶች መደርደር ልማድ ሆኖ ነበር። ሊንደን ላብ በ2009 በቦቶች ቁጥር ማጋነንን ከለከለ።

በኖቬምበር 2006 ኮፒቦት የተባለ መሣሪያ የሰው ሥራ መገልበጥ ሲጀምር ብዙ ነጋዴዎች በተቃውሞ ሱቃቸውን ዘጉ። የተሰጣቸው መፍትሔ በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት አቤቱታ ማቅረብ ነበር። ለጃፓናዊው ወይም ለጣሊያናዊው ዲዛይነር ይህ በሌላ አገር ሕግና በሌላ ቋንቋ መሟገት ማለት ነው። በዓለም አቀፍ ገበያ ውስጥ ድንበር መኖሩ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ድንበሩ ያልጠፋባቸው ቦታዎች

ሰዓት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የሰከንድ ላይፍ ሰዓት የካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። በዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የተጠራ የፋሽን ትርኢት በርሊን ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል፤ ቶኪዮ ላይ የማግስቱ እኩለ ቀን አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ ከንጋቱ 11 ወይም 12 ሰዓት። በካሊፎርኒያ እኩለ ቀን ላይ የተጠራ ዝግጅት ግን በርሊን ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ የኒውዮርክ ሰው ከሥራ ባይወጣም አውሮፓዊው ይገኛል። አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን የሚቀይሩባቸው ቀኖች ስለማይገጥሙ በማርች ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ልዩነቱ ከዘጠኝ ወደ ስምንት ሰዓት ይወርዳል፤ በዚያ መካከል ብዙ ቀጠሮ ይፋለሳል። ከነዋሪው ስድስት አሥረኛው አውሮፓዊ በነበረበት ወቅት ሰዓቱን በአሜሪካ ምሽት የቆረጠ ነጋዴ አብዛኛውን ገበያ ያጣ ነበር። ሁለት ጊዜ መክፈት፣ ወይም በሌላ አኅጉር የሚኖር ሸሪክ መያዝ የትንሹ ነጋዴ እውነተኛ ወጪ ነው።

ቋንቋ ሁለተኛው ነው። ነዋሪ ስሙን በራሱ ፊደል መጻፍ የቻለው በ2010 ነው። ንግግር በጽሑፍ ብቻ በነበረበት ጊዜ እንግሊዝኛው ያልጠነከረ ሰው አስቦ፣ መዝገበ ቃላት አይቶ መመለስ ይችል ነበር። በኦገስት 2007 የድምፅ ንግግር ሲገባ ይህ ሰው ከውይይቱ ወጣ። ስለ ድምፅ የተደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ በግላዊነት ላይ ያተኩራል፤ ለዓለም አቀፍ ነጋዴ ግን ትልቁ ጉዳይ ይህ ይመስለኛል፤ በጽሑፍ የሚያስተናግድ ሱቅ ለውጭ አገር ደንበኛ ክፍት ነው። ነዋሪዎች ለአቫታር የሚለጠፉ የትርጉም መሣሪያዎችን ራሳቸው ሠርተው ነበር። አብዛኞቹ የሚሠሩት በጉግል ትርጉም ላይ ተመሥርተው ስለነበር፣ ጉግል በ2011 ለፕሮግራም ሠሪዎች አገልግሎቱን ሲያስከፍል ነፃዎቹ ተዳከሙ። አማርኛ በጉግል ትርጉም ውስጥ የገባው በ2016 ስለሆነ፣ በሰከንድ ላይፍ ወርቃማ ዓመታት የአማርኛ ተናጋሪ በእነዚህ መሣሪያዎች ሊጠቀም አይችልም ነበር።

ሦስተኛው ገንዘብና ግብር ነው። አቫታር ከየት አገር እንደመጣ ስለማያሳይ ነጋዴው ለሁሉም አንድ ዋጋ ይቆርጣል፤ በድሃ አገር ላለ ደንበኛ ዋጋ መቀነስ አይችልም። በሌላ በኩል ወጪው እንደየአገሩ ይለያያል። በሴፕቴምበር 2007 ሊንደን ላብ ለአውሮፓ ኅብረት ነዋሪዎች በመሬት ክፍያና በአባልነት ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ መጠየቅ ሲጀምር፣ የታክስ ቁጥር ያለው ድርጅት ከክፍያው ሲድን የቤት ውስጥ ነጋዴው ግን ተሸከመው። በአንድ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሱቆች የተለያየ ኪራይ ይከፍሉ ጀመር። ትርፍን ማውጣትም እንዲሁ ነው። ክፍያው የሚወጣው እንደ ፔይፓልና ስክሪል ባሉ አገልግሎቶች ነው፤ እነሱ ደግሞ በየአገሩ የሚሰጡት አገልግሎት አንድ ዓይነት አይደለም። ከአዲስ አበባ ሊሸጥ የሚያስብ ሠሪ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ በምን በኩል ይገባል የሚለውን ነው፤ የዕቃው ጥራት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

የዛሬው ክርክር

ፌስቡክ በኦክቶበር 2021 ስሙን ወደ ሜታ ሲቀይር የ2006 ቃላት በሙሉ ተመለሱ። በኖቬምበር 2021 ዲሴንትራላንድ በተባለው ዓለም አንድ መሬት በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ሜታ በአፕሪል 2022 ሆራይዘን ወርልድስ በተባለው የራሱ ዓለም ከሚሸጥ ዕቃ እስከ 47.5 በመቶ እንደሚቆርጥ ታወቀ። ሮብሎክስ የተባለው መድረክ በተጠቃሚ ብዛት ሁሉንም ይበልጣል፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በቆየው ተመን ተጠቃሚው ሮበክስ ከተባለው የውስጥ ገንዘቡ 80 ለመግዛት አንድ ዶላር ገደማ ሲከፍል፣ ሠሪው ያንኑ 80 ሮበክስ ሲመነዝር የሚደርሰው 28 ሳንቲም ነበር። ለትንሽ ነጋዴ ከሰከንድ ላይፍ የተሻለ የንብረት መብትና የተሻለ ምንዛሬ ያቀረበ ትልቅ መድረክ ከዚያ ወዲህ አልመጣም ማለት ያስደፍራል።

በቋንቋ በኩል ግን መሻሻል አለ። ሮብሎክስ በፌብሩዋሪ 2024 ውይይትን በቅጽበት በ16 ቋንቋዎች የሚተረጉም ሥርዓት አወጣ። ከ16ቱ ውስጥ ቬትናምኛ፣ ታይኛ፣ ፖላንድኛ አሉ፤ አማርኛም ሆነ ሌላ የአፍሪካ ቋንቋ የለም።

ያልተቋጩት ጥያቄዎች ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው የመለኪያ ነው፤ አንድ ሰው ብዙ አቫታር ሊኖረው፣ አንድ አቫታርም ቦት ሊሆን ስለሚችል ጎብኚ መቁጠር ደንበኛ መቁጠር አይደለም። ሁለተኛው የባለቤትነት ነው፤ ዕቃው የነጋዴው ቢሆንም ደንቡን የሚቀይረው የመድረኩ ባለቤት ነው። ሊንደን ላብ በጁላይ 2007 ቁማርን፣ በጃንዋሪ 2008 ፈቃድ የሌላቸውን ባንኮች፣ በ2021 ደግሞ ጋቻ የሚባለውን የዕጣ ሽያጭ ከለከለ። ውሳኔዎቹ በራሳቸው ተገቢ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ጋቻ ለብዙ ትናንሽ ሱቆች ዋና ገቢ ነበር፣ የተሰጣቸውም ጊዜ የሳምንታት እንጂ የወራት አልነበረም። ሦስተኛው፣ በምናባዊ ዓለም የተፈራ ደንበኛ ወደ እውነተኛ ምርት ይሻገራል ወይ የሚለው ነው። እስካሁን ያለው ማስረጃ ወደ አሉታው ያደላል፤ ይሁን እንጂ የተሞከረው ባብዛኛው በትልልቅ ድርጅቶች ስለሆነ ለትንሹ ነጋዴ የተዘጋ ጥያቄ አይደለም።

ትልቁ ጉድለት ግን የማስረጃው ምንጭ ነው። እዚህ የተጠቀሱት የግብይት ቁጥሮች ከመድረኩ ባለቤት የወጡ ናቸው፤ የነጋዴዎቹ ደብተር አልታየም። ስንት ደንበኛ ከየት አገር መጣ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ቋንቋ ተስተናግዶ ገዛ፣ ከሽያጩ ምን ያህሉ እጅ ገባ? በእነዚህ መድረኮች ላይ የሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ ዲዛይነሮችና ፕሮግራም ሠሪዎች፣ በአዲስ አበባም ይሁኑ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ፣ ይህን ሒሳባቸውን በአገርና በወር ለይተው በአማርኛ ቢያሳትሙት ለሚቀጥለው ጀማሪ ከማንኛውም የአማካሪ ትንበያ የተሻለ መነሻ ይሆነዋል። እባካችሁ አሳትሙት።